ካርዱ የማን ነው? በአሜሪካ ለምርጫ ዘመቻ በክሬዲት ካርድ ስለ መስጠት ማወቅ የሚገባን



በአንድ የምርጫ ሰሞን፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ሲጨዋወት፣ አንድ ወጣት ወንድም ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ ከመጣ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በዚያ ሳምንት አንድ ዕጩ ተወዳዳሪ ወደ ማኅበረሰባችን አዳራሽ መጥቶ ስለ ስደተኞች መልካም ነገር ተናግሮ ነበር። ይህ ወንድም ንግግሩ ልቡን ነክቶት እዚያው ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ በስልኩ 50 ዶላር ሰጠ። ቅጹ ላይ አንድ ትንሽ ሳጥን ነበረች። «የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ነኝ» ትላለች። ሳያነባት ምልክት አደረገባት። ማታ አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ነገሩን ሲሰማ «አንተ እኮ ዜጋ አይደለህም፤ ይህ ወንጀል ነው» ብሎ አስደነገጠው። «ፓስተር፣ ቪዛዬን ይነጥቁኝ ይሆን?» አለኝ።

አጠገባችን የነበረ ሌላ ወንድም ጭንቀቱን አይቶ ሊያጽናናው ፈለገና «ምን ቸገረህ? ለወደፊቱ ጥሬ ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ፤ እኔ ዜጋ ነኝ፤ በእኔ ካርድ እከፍልልሃለሁ» አለው።

በዚያን ሰዓት ለሁለቱም የተሟላ መልስ አልነበረኝም። የተማርኩት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንጂ የሕግ ትምህርት ቤት አይደለም። ነገር ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሕጉን ለማንበብ ተነሣሁ። የሁለተኛው ወንድም ምክር ከመጀመሪያው ወንድም ስሕተት እጅግ የከፋ መሆኑንም ተረዳሁ። በየቤተ ክርስቲያናችን የዚህ ወጣት ዓይነት ሰዎች ብዙ ስለሆኑ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ሕጉ ከየት መጣ?

የአሜሪካ ምክር ቤት የውጭ ገንዘብ ወደ ምርጫ እንዳይገባ መከልከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ያን ጊዜ የታሰበው ለውጭ መንግሥታትና ድርጅቶች በወኪልነት የሚሠሩ ሰዎችን ለመግታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ክልከላው ሰፍቶ የውጭ ዜጎችን ሁሉ አጠቃለለ፤ ሆኖም ግሪን ካርድ ያላቸው ቋሚ ነዋሪዎች ከክልከላው ውጭ ተደረጉ። ከዚያም በ1996ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት ከውጭ አገር የመጣ ገንዘብ ወደ ፓርቲ ካዝና ገብቷል ተብሎ ትልቅ ውዝግብ ተነሣ። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴም ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ለመመለስ ተገደደ። ይህ ውዝግብ ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የምርጫ ገንዘብ ሕግ ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው የውጭ ዜጋ ለፌዴራል ምርጫም ሆነ ለስቴትና ለከተማ ምርጫ፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ ገንዘብም ሆነ ሌላ ዋጋ ያለው ነገር መስጠት እንደማይችል በግልጽ አስቀመጠ።

ስለዚህ «እኔ የሰጠሁት ለከተማው ምክር ቤት ዕጩ ነው እንጂ ለፕሬዚዳንት አይደለም» ማለት አያዋጣም። «የሰጠሁት 10 ዶላር ብቻ ነው» ማለትም እንዲሁ። ሕጉ «ከዚህ መጠን በታች ይፈቀዳል» የሚል መነሻ አላስቀመጠም።

ይህ ክልከላ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብለው ፍርድ ቤት የሄዱ ሰዎች ነበሩ። በጊዜያዊ ቪዛ በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩ አንድ ካናዳዊ የሕግ ባለሙያና አንዲት ሐኪም ለዕጩዎች ገንዘብ ለመስጠት ፈልገው የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽንን ከሰሱ። በዋሽንግተን የተሰየመው የሦስት ዳኞች ችሎት እ.ኤ.አ. በ2011 ክሱን ውድቅ አደረገው። ውሳኔውን የጻፉት ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ብሬት ካቫና ናቸው። የፍርዱ ፍሬ ነገር አንድ ሕዝብ ራሱን የሚያስተዳድርበትን ሥራ ለራሱ አባላት ለይቶ ማስቀመጥ ይችላል የሚል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ውሳኔ አጸናው።

«የውጭ ዜጋ» የሚባለው ማነው?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው የትም ቢኖር፣ ሁለት ዜግነት ቢኖረውም እንኳ፣ መስጠት ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰውም በፌዴራል ሕግ መሠረት ለዕጩዎች መስጠት ይችላል። ከእነዚህ ውጭ ያለ ሁሉ አይችልም። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ በሥራ ቪዛ ያለ፣ ልጆቹን ለመጠየቅ የመጣ ወላጅ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ፣ ጊዜያዊ ከለላ የተሰጠው፣ ሁሉም ክልከላው ይመለከታቸዋል። የሥራ ፈቃድ ማግኘት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መያዝና ግብር መክፈል መልሱን አይለውጡትም። ጥገኝነት ተሰጥቶት ግሪን ካርዱን የሚጠባበቅ ሰውም ካርዱ እስኪደርሰው ድረስ መታገሥ ይኖርበታል።

ካርዱ ምን ይናገራል? ምንስ አይናገርም?

በቼክ ዘመን የዘመቻው ገንዘብ ያዥ ወረቀቱን በእጁ ይይዝ ነበር። የባንኩን ስምና አድራሻውን ያያል፤ ከተጠራጠረም ይጠይቃል። በኢንተርኔት መስጠት ሲጀመር ግን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2008 የባራክ ኦባማ ዘመቻ በኢንተርኔት ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡ ተዘግቦ ነበር። ይህ ገንዘብ የመጣው ወደ ሦስት ሚሊዮን ከሚጠጉ ሰዎች ነው። ያን ሁሉ ስም አንድ በአንድ ማየት ለሰው ዓይን የሚቻል አይደለም።

በዚያው የምርጫ ዘመቻ ወቅት አንድ የሚያስተምር ነገር ተከሰተ። በጋዛ ሰርጥ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ከዘመቻው ድረ ገጽ ላይ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጡ ቲሸርቶች ገዝተው ተገኙ። አድራሻቸው ላይ ጋዛን ለማመልከት የጻፏቸው ሁለት ፊደላት በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ምልክት ከሆኑት ፊደላት ጋር አንድ ዓይነት ስለነበሩ ሰዎቹ የጆርጂያ ነዋሪዎች መስለው አለፉ። ዘመቻው ነገሩን ሲደርስበት ገንዘቡን መለሰ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ከዘመቻ ላይ ቲሸርት፣ ኮፍያ ወይም የእራት ትኬት መግዛት በሕግ ዓይን እንደ መዋጮ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ቅጽ ላይ የተሞላ አድራሻ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ታዲያ ካርዱ ራሱ ምን ይናገራል? ሦስት ነገሮችን ልብ በሉ።

የመጀመሪያው የካርዱ ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወይም ስምንት አኃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክ ያመለክታሉ፤ ከዚያም ባንኩ በየትኛው አገር እንዳለ ይታወቃል። ሁለተኛው የአድራሻ ማመሳከሪያ ነው። የጻፋችሁት የቤት ቁጥርና ዚፕ ኮድ ባንኩ ዘንድ ካለው ጋር ይመሳከራል። ይህ አሠራር በአሜሪካና በጥቂት ሌሎች አገሮች በደንብ ይሠራል፤ በአብዛኛው ዓለም ግን አይሠራም። ሦስተኛው ከካርዱ ጀርባ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው። እርሱም ካርዱ በእጃችሁ መኖሩን ይመሰክራል፤ የተሰረቀ ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣውን ሰው ለማገድ ይረዳል።

ነገር ግን ከሦስቱ አንዱም ዜግነትን አይናገርም። የእኛ ተማሪ ወንድም ካርዱ ከአሜሪካ ባንክ የወጣ ነው፤ አድራሻውም ትክክል ነው፤ ከጀርባ ያለውም ቁጥር ትክክል ነው። ሁሉንም አለፈ፤ መስጠት ግን አይፈቀድለትም ነበር። በተቃራኒው አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የምትሠራ አሜሪካዊት እህት በውጭ አገር ባንክ ካርድ ብትሰጥ ማመሳከሪያው ያቆማታል፤ መብቱ ግን አላት። ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ነው። ካርዱ «እስኪ አጣሩ» የሚል ምልክት ብቻ ይሰጣል።

የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን መመሪያም በዚሁ መንገድ የተጻፈ ነው። ሰጪው የውጭ ፓስፖርት ከተጠቀመ፣ የውጭ አድራሻ ከሰጠ፣ ገንዘቡ ከውጭ ባንክ ከመጣ ወይም ሰውየው በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ ዘመቻው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ መጠየቅ አለበት። በውጭ የሚኖር አሜሪካዊ ጊዜው ያላለፈበት የአሜሪካ ፓስፖርቱን ቅጂ ከላከ ግን ዘመቻው ተገቢውን ማጣራት እንዳደረገ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ውጭ የምትኖሩ ዜጎች ፓስፖርት ስትጠየቁ አትቀየሙ።

ይህ የካርድ ጉዳይ በቅርቡም አከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ለዴሞክራቶች ገንዘብ የሚሰበስበው አክትብሉ የተባለው ድርጅት በአንዳንድ ክፍያዎች ላይ የካርዱን የጀርባ ቁጥር አይጠይቅም ነበር በሚል በምክር ቤትና በቴክሳስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጥያቄ ተነሣበት። ኋላም ቁጥሩን መጠየቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኢንተርኔት መዋጮ መድረኮች አማካይነት የሚመጣ የውጭ ገንዘብና በሰው ስም የሚሰጥ ገንዘብ እንዲመረመር አዘዙ። ደጋፊዎቻቸው ይህ ሕግ ማስከበር ነው ሲሉ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ የአንዱን ፓርቲ ኪስ ብቻ ለይቶ ማጥቃት ነው ብለዋል። እኔ እዚህ የምፈርደው ነገር የለም። ለእኛ የሚበጀን ቁጥጥሩ እየጠበቀ መሄዱን ማወቅ ነው።

ስቴቶችስ?

የፌዴራሉ ሕግ ስለ ዕጩዎች ምርጫ ግልጽ ነው። ሕዝቡ ስለ አንድ ሐሳብ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ድምፅ ስለሚሰጥበት ሕዝበ ውሳኔ ግን ክፍተት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሞንታና ስለ ማዕድን ሥራ በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከውጭ ኩባንያ ጋር የተያያዘ ገንዘብ ገብቷል ተብሎ አቤቱታ ቀረበ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2021 የፌዴራሉ ክልከላ እንዲህ ያለውን ሕዝበ ውሳኔ አይሸፍንም በሚል መንገድ ጉዳዩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስቴቶች ክፍተቱን በራሳቸው ሕግ ለመድፈን ተነሡ።

በሜይን ስቴት መራጮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 የውጭ መንግሥታትና እነርሱ ድርሻ ያላቸው ኩባንያዎች በምርጫና በሕዝበ ውሳኔ ላይ ገንዘብ እንዳያወጡ በከፍተኛ ድምፅ ወሰኑ፤ ነገር ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 አገደው፤ ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ2025 እገዳውን አጸና።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን የኦሃዮ ጉዳይ ነው፤ በኮሎምበስና በአካባቢው ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉና። የኦሃዮ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሕግ የውጭ ዜጎች ለሕዝበ ውሳኔ ዘመቻ ገንዘብ እንዳይሰጡ ሲከለክል ከፌዴራሉ ሕግ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ፤ ግሪን ካርድ ያላቸውንም በክልከላው ውስጥ አስገባ። አንድ የፌዴራል ዳኛ በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ግሪን ካርድ ባላቸው ሰዎች ላይ ሕጉ እንዳይፈጸም አገዱ። በጥቅምት ወር ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አንሥቶ ሕጉ እንዲፈጸም ፈቀደ። በአንድ መኸር ውስጥ መልሱ ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ ማለት ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ የያዛችሁ ወገኖች፣ «በሕግ ይፈቀድልኛል» ብላችሁ በሕዝበ ውሳኔ ዘመቻ ላይ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት የስቴታችሁን የምርጫ ቢሮ ጠይቁ።

በሰው ስም መስጠት

አሁን ወደ ሁለተኛው ወንድም ምክር እንመለስ። «ገንዘቡን ስጠኝና በእኔ ካርድ እከፍልልሃለሁ» ማለት በእኛ ባሕል ደግነት ነው። እድር ስንከፍል፣ እቁብ ስንጥል፣ ለሠርግ ስናዋጣ አንዱ ለሌላው መክፈሉ የተለመደ ነው። የአሜሪካ የምርጫ ሕግ ግን በሌላ ሰው ስም መስጠትን ራሱን ችሎ የቆመ ጥፋት አድርጎታል። ገንዘቡን የሰጠው፣ ስሙን ያዋሰው፣ እያወቀ የተቀበለው፣ ሦስቱም ይጠየቃሉ። እዚህ ላይ የገንዘቡ ባለቤት ዜጋ ቢሆን እንኳ ጥፋቱ አይቀርም፤ የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ ሁለት ይሆናል። ስሙን ያዋሰው ዜጋም «እኔ ዜጋ ነኝ» ብሎ አያመልጥም።

ሆነ ብለው በፈጸሙት ላይ ቅጣቱ ከባድ ነው። በውጭ ዜጋ መዋጮ ረገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ድምሩ 2,000 ዶላር ከደረሰ እስከ አንድ ዓመት፣ 25,000 ዶላር ከደረሰ ደግሞ እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ለአነስተኛውም ቢሆን የገንዘብ ቅጣት አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለች እህታችሁ ወይም አዲስ አበባ ያለ አጎታችሁ «ይህን ለእገሌ ዘመቻ ስጡልኝ» ብሎ ገንዘብ ቢልክላችሁ መልሳችሁ አንድ ብቻ ይሁን፤ በአክብሮት መልሱለት።

መስጠት፣ መምረጥና ማገልገል

ሦስቱን አናምታታ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዕጩ ገንዘብ መስጠት ይችላል፤ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን ፈጽሞ አይችልም። «ገንዘቤን ከተቀበሉኝ ድምፄንም ይቀበሉኛል» ብሎ የሄደ ሰው ወንጀል ይሆንበታል፤ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርሰው ይችላል።

በሌላ በኩል መስጠት የማይችል ሰው ማገልገል ይችላል። የውጭ ዜጋ ያለ ክፍያ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ወረቀት ማደል፣ ስብሰባ ላይ መገኘት አይከለከልም። የተከለከለው ዘመቻው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያወጣና ምን እንደሚወስን በሚደረገው ውሳኔ ውስጥ መግባት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ካርድ

አንድ ነገር ለሽማግሌዎችና ለሒሳብ ሹሞች ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣውና በያኔው ሴናተር ሊንደን ጆንሰን ስም የሚጠራው ድንጋጌ ከግብር ነጻ የሆኑ ቤተ ክርስቲያናትና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዕጩ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ እንዳይዘምቱ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የግብር መሥሪያ ቤቱ ለፍርድ ቤት ያቀረበው አዲስ አተረጓጎም ብዙ ተወርቶለታል። ነገር ግን እርሱ የሚናገረው አገልጋይ ለራሱ ምእመናን በአምልኮ ጊዜ ስለሚናገረው ቃል ነው፤ የአሥራት ገንዘብ ለዕጩ ስለ መስጠት አይደለም። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ስም የወጣ ካርድ በዘመቻ ገጽ ላይ አይግባ፤ «ነገ እተካዋለሁ» ተብሎም ቢሆን። የራሳችሁን በራሳችሁ ካርድ ስጡ። እ.ኤ.አ. በ2025 እና 2026 የምርጫ ዑደት አንድ ሰው ለአንድ የፌዴራል ዕጩ መስጠት የሚችለው በአንድ ምርጫ እስከ 3,500 ዶላር ነው፤ ስቴቶች ደግሞ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

የተሳሳተ ምን ያድርግ?

ወደ ወጣቱ ወንድማችን ልመለስ። በማግስቱ አብረን ተቀምጠን ለዘመቻው ጽሕፈት ቤት አጭር ደብዳቤ ጻፍን። የሰጠበትን ቀንና መጠን ጠቅሶ፣ ዜጋም ቋሚ ነዋሪም አለመሆኑን፣ ሳጥኗን ሳያነብ ምልክት ማድረጉን ገልጾ፣ ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ። ዘመቻዎች የተከለከለ ገንዘብ መቀበላቸውን ከደረሱበት በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። 50 ዶላሩም ወደ ካርዱ ተመለሰ፤ ደብዳቤውንና የተመለሰበትን ማስረጃ አስቀምጧል።

ነገር ግን በዚህ ብቻ አላበቃንም። በኢሚግሬሽን ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት በቀላሉ የሚታይ ነገር ስላልሆነ፣ ወደፊት ማንኛውንም ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ሙሉውን ታሪክ እንዲነግር መከርሁት። እርሱም እንዲሁ አደረገ። ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ አትደብቁት። ራሱ ደርሶበት የተናገረና ገንዘቡን ያስመለሰ ሰው ሌላ ሰው እስኪያገኘው ከጠበቀው ይልቅ በተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛውንም ወንድም ለብቻው አነጋገርሁት። «ፓስተር፣ እኔ እኮ መርዳት ነበር የፈለግሁት» አለኝ። አውቃለሁ፤ ያን ቀን ቡና ላይ ቆሜ ስሰማው እኔም ምክሩ ክፉ አልመሰለኝም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁትም ስለዚሁ ነው። የጠፋን ሕጉን ማወቅ እንጂ ደግነት አልነበረም።

በሚቀጥለው ጊዜ ስልካችሁ ላይ «አሁኑኑ ስጡ» የሚል መልእክት ሲመጣ ያቺን ትንሽ ሳጥን አንብቧት። እውነት ከሆነች ምልክት አድርጉባት። ካልሆነች ስልኩን ዝጉትና በእግራችሁ ሄዳችሁ አገልግሉ።

ሰላም ሁኑ።